ፒያሳ የነበረ አሮጌ ኢንላርጀር አገኘሁ፣ ልግዛው ወይስ ልተወው?

አፍንጮ_በር
እሁድ ማታ 2፡40

ሰላም የዚህ ቤት ሰዎች። ምክር ፈልጌ ነው። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

በፊልም ማንሳት ከጀመርኩ ሁለት ዓመት ሊሆነኝ ነው። ካሜራዬ የአባቴ ዜኒት ነው፣ ክብደቱ ሌባ ቢመጣ መከላከያ ይሆናል። ጥቁርና ነጭ ፊልሙን ቤት ውስጥ ራሴ አጥባለሁ፣ እሱንም እዚሁ ከእናንተ ነው የተማርኩት። ከዚያ በኋላ ያለው ነገር ግን ሰለቸኝ። ኔጋቲቩን መስኮት ላይ ለጥፌ በስልክ አነሳለሁ፣ ጥቁሩን ነጭ ነጩን ጥቁር አደርጋለሁ፣ ለሁለት ጓደኛ እልካለሁ፣ አለቀ። ወረቀት ላይ ላየው እፈልጋለሁ። በእጄ ያተምኩትን። ለዚህ ደግሞ ኢንላርጀር ያስፈልጋል፣ ኔጋቲቩን በብርሃን አሳድጎ ወረቀት ላይ የሚጥለው ማሽን።

ባለፈው ሐሙስ አንድ የማውቀው ደላላ ደወለልኝ። ፒያሳ በ2016 ሲፈርስ የተነሳ አንድ የድሮ ፎቶ ቤት ነበር፣ ዕቃው አራት ኪሎ ዘመድ ቤት ተቆልፎበት ቆይቶ አሁን ልጆቹ ሊሸጡት ነው። ሄጄ አየሁት። ከቆርቆሮ በር ጀርባ ነው ያለው፣ ማዳበሪያ አልብሰውት፣ አናቱ ላይ ወንፊት አስቀምጠውበት። ኦፔሙስ 6 ይላል፣ ከስሩ መኦፕታ፣ ቼኮዝሎቫኪያ። ዓምዱና ጣውላው አለ። አንድ ሌንስ ገብቶበታል። ገመዱ ተጠቅልሎ በናስትሮ ታስሯል። ይሰራል ወይ ስላቸው "መብራቱ ይበራል" አሉኝ። 25 ሺህ ብር ነው የጠሩት።

ዋጋው እንዴት ነው? ቅዳሜ ተመልሼ ስሄድ ምን ምን ልይ? ደግሞስ አንዲት የኪራይ ክፍልና የግቢ የጋራ ሻወር ቤት ይዤ ይሄ ነገር ይሆናል ወይ?

ስካነር_ብቻ
እሁድ ማታ 3፡05

ወንድሜ ልብህን ላሳርፈው፣ ተወው። በ25 ሺህ ብር ስንት ፎቶ ታሳትም ነበር? ኔጋቲቭህን በደንብ ስካን አድርግ፣ ለማተሚያ ቤት ላክ፣ አሪፍ አርጎ ያወጣልሃል። ኢንላርጀሩን ብትገዛ ወረቀቱስ? ኬሚካሉስ? ውሃ በሳምንት ስንቴ ነው የሚመጣላችሁ? እኔ በክፋት አይደለም፣ ሁለት ጓደኞቼ ገዝተው አሁን ጃኬት ነው የሚሰቅሉበት።

አፍንጮ_በር
እሁድ ማታ 3፡11

ስካነር የለኝም። ቀኑን ሙሉ ቢሮ ስክሪን ላይ አፍጥጬ እውላለሁ፣ ማታ ደግሞ ሌላ ስክሪን? ይቅርብኝ። ውሃው ግን እውነትህን ነው፣ ሐሙስና እሁድ ብቻ ነው። ሮቶ አለን።

ሃይፖ
ሰኞ ጠዋት 1፡50

ልጄ፣ ይህን ማሽን አውቀዋለሁ። ፒያሳ ፎቶ ቤት ጨለማ ክፍል ውስጥ 19 ዓመት ሰርቻለሁ። ብዙውን ጊዜ ጉርድ ፎቶ ነው፣ መስከረም ሲጠባ ለትምህርት ቤት ምዝገባ ሰልፉ ደረጃው ድረስ ይደርስ ነበር። ኦፔሙስ ጠንካራ ሰራተኛ ነው። 6 በ6 ሳንቲ ሜትር የሚሆነውን ትልቁን ኔጋቲቭ ሁሉ ይይዛል፣ የአንተ 35 ሚሊ ሜትር አይከብደውም።

ሰው ኢንላርጀር ሊገዛ ሲሄድ አምፖሉን ያያል። አምፖል ሱቅ ሞልቷል። የማይገኘውን እይ። የኔጋቲቩ መያዣ አለ? ፊልሙ እንደ ሳንድዊች የሚገባበት ነው፣ ብዙ ጊዜ ዕቃ ሲነሳ የሚጠፋው እሱ ነው። ከአምፖሉ ስር ሁለት ወፋፍራም የመስታወት ሌንሶች መኖር አለባቸው፣ ኮንደንሰር ይባላሉ። አውጥተህ ቁጠራቸው። አንዱ ከጎደለ ወይ ከተሰነጠቀ 25 ሺህ አይደለም 5 ሺህም አትስጥ፣ ምትክ ፍለጋ ስትዞር ታረጃለህ።

ከዚያ ጭንቅላቱን ወደ ላይ ውሰድና እጅህን ልቀቅ። በራሱ ቀስ ብሎ የሚወርድ ከሆነ ማጥበቂያው አልቋል፣ ፎቶ እያተምክ ይወርድብሃል፣ አንተ ደግሞ ጨለማ ውስጥ ሆነህ አታይም። ሌንሱና ኔጋቲቩ መሃል እንደ አኮርዲዮን የሚታጠፍ ጥቁር ሽንሽን አለ። ክፍሉን አጨልም፣ የስልክህን ባትሪ አብርተህ በውስጡ አስገባው። ኮከብ ከታየህ ተበስቷል ማለት ነው። እሱ በናስትሮ ይደፈናል፣ ግን አትንገራቸው፣ ዋጋ ማውረጃ ይሁንህ።

ስፒና
ሰኞ ጠዋት 3፡30

እኔ የመብራት ሰው ነኝ፣ ፎቶ አላውቅም፣ ግን ያንን በናስትሮ የታሰረ ገመድ ስሰማ ዝም ማለት አቃተኝ። ከመሰካትህ በፊት ፈትተህ እየው። የድሮ ጎማ ሽፋን ሲደርቅ እንደ ብስኩት ይፈረካከሳል። ማሽኑ ብረት ነው፣ አንተ እርጥብ እጅ ይዘህ ነው የምትነካው፣ ምናልባትም ባዶ እግርህን ሻወር ቤት ሴራሚክ ላይ ቆመህ። ባለ ሦስት ሽቦ ገመድ ግዛና ቀይረው፣ ኤርዙን ከብረቱ ጋር በብሎን እሰረው። ካቻቢቴና ግማሽ ሰዓት ነው የሚፈልገው። ይሄን ሳታደርግ ብትሰካው በኋላ ስለ ፎቶ የምንነጋገርበት ሰው አይኖረንም።

ቀይ_አምፖል
ሰኞ ቀን 7፡15

ስፒና ያለው ላይ ልጨምር፣ እኔ የደረሰብኝ ነው። የመጀመሪያ ኢንላርጀሬን ከአሜሪካ የተመለሰ ሰው ሰጠኝ። ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። ቤት እንደገባሁ ሰካሁት። አንዴ ብቻ ደማቅ ነጭ ሆኖ በራ፣ ከዚያ ቡም! አምፖሉ 110 ቮልት ነበር፣ እኛ ደግሞ 220 ነን። እናቴ እስከ ዛሬ "ያ ቦንብ" ትለዋለች። የአንተ የቼክ ስለሆነ 220 ነው የሚሆነው፣ ግን አምፖሉ ላይ የተጻፈውን አንብብ።

አምፖል ስትገዛ ደግሞ ወተት የሚመስለውን ግዛ፣ ዙሪያውን እኩል የሚያበራውን። ብርጭቆው ጥርት ያለ ከሆነ የውስጡ ሽቦ ወረቀት ላይ ይወጣብሃል። አናቱ ላይ የፋብሪካ ማህተም ያለውንም ተጠንቀቅ፣ እኔ አንድ ወር ሙሉ ሰማይ ላይ የማይጠፋ ነጣ ያለ ክብ ነገር እያተምኩ ኔጋቲቩን ስወቅስ ነበር።

ሌንሱ ላይ ምን ይላል? ቁጥሩን ንገረን። ለ35 ሚሊ ሜትር ፊልም የሚሆነው 50 ሚሊ ሜትር ነው። አውጥተህ ከኋላው በስልክ ባትሪ አብራበት። ውስጡ የሸረሪት ድር የሚመስል ነገር ካየህ ሻጋታ ነው። አቧራ ግን ምንም አይደለም፣ አትጨነቅበት።

አፍንጮ_በር
ሰኞ ማታ 1፡20

እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። ጋሼ ሃይፖ በተለይ ለእርስዎ። ሌንሱን በስልክ አንስቼው ነበር፣ አሁን አጉልቼ ሳየው "አናሬት 4.5/80" ነው የሚለው። 80 ነው እንግዲህ። አበቃልኝ ማለት ነው?

ካሜራ_ተራ
ሰኞ ማታ 1፡48

በ80 ለ35 ፊልም ምንም አትሰራበትም። 50 ከሌለው አትግዛ። ነጥብ።

ሃይፖ
ማክሰኞ ጠዋት 2፡05

ነጥቡን ቶሎ አታድርገው ወንድሜ። የማይሆነው የተገላቢጦሹ ነው፣ 50ውን ለትልቁ 6 በ6 ኔጋቲቭ ብትጠቀም አራቱ ማዕዘን ብርሃን አይደርሰውም። 80 ሌንስ ትንሹን ፊልም በደንብ ይሸፍናል። ለውጡ ከፍታው ላይ ነው። 18 በ24 ወረቀት ለመሙላት በ50 ሌንስ ሌንሱ ከወረቀቱ 42 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይርቃል፣ በ80 ደግሞ ወደ 68። ዓምዱ ከፈቀደልህ ታትማለህ። ከዚያ በላይ ማሳደግ ሲያምርህ ነው የምትቸገረው። እንዲያውም ለጉርድ መጠን እኛ ረጅሙን ነበር የምንወደው፣ በ50 ትንሽ ፎቶ ስታትም ሌንሱ ወረቀቱ ላይ ተደፍቶ ለእጅህ ቦታ ያሳጣሃል።

ካሜራ_ተራ
ማክሰኞ ጠዋት 2፡30

እሺ ጋሼ፣ ተምሬያለሁ። ነጥቡን አንስቻለሁ።

ቡናዬ
ማክሰኞ ቀን 6፡10

ኬሚካል የት ይገኛል ስትባባሉ እያየሁ ነው። በቡና እኮ ይታጠባል! የፈጣን ቡና ዱቄት፣ የልብስ ሶዳና ቫይታሚን ሲ። አገራችን ቡና ሞልቶ እናንተ ከውጭ ዴቬሎፐር፣ ምስሉን የሚያወጣውን ኬሚካል፣ ታስመጣላችሁ።

ቀይ_አምፖል
ማክሰኞ ቀን 6፡40

ሞክሬዋለሁ። ለፊልም ይሰራል። ወረቀት ላይ ግን ነጩን ሁሉ ቡናማ ያደርገዋል፣ ፎቶው ጀበና የተደፋበት ይመስላል። ሽታው ደግሞ የቡና እንዳይመስልህ፣ ሦስት ቀን ቤት ውስጥ አደረ። ቡናውን እንጠጣው።

በአገር ነገር የሚተካ ካልክ ስቶፑን ነው፣ የዴቬሎፐሩን ስራ የሚያስቆመውን። ነጭ አቼቶ። ሱፐርማርኬት ያለው 5 ከመቶው፣ አንድ እጅ አቼቶ በሦስት እጅ ውሃ። ለዚህ ብሎ ከውጭ የሚያስመጣ ሰው ገንዘብ ተርፎታል።

አፍንጮ_በር
ቅዳሜ ማታ 12፡50

ገዛሁት!

ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ደረስኩ፣ ካቻቢቴ፣ ናስትሮ፣ ማስመሪያና ከስራ ቦታ የተዋስኩትን ውሃ ልክ ይዤ። ሻጩ ልጅ ቦርሳዬን አይቶ "ቤት ልትሰራ ነው እንዴ?" አለኝ። እንደተባልኩት ጭንቅላቱን ወደ ላይ አውጥቼ እጄን ለቀቅኩ። ቆመ። አንድ ደቂቃ ጠበቅኩት፣ ንቅንቅ የለም። ኮንደንሰሮቹን አወጣኋቸው፣ ሁለቱም አሉ፣ አንዱ ጫፉ ላይ የጥፍር ያህል ተሸርፏል። የኔጋቲቩ መያዣ አለ፣ ግን የ6 በ6 ነው፣ የ35ቱ የለም። ሽንሽኑ ውስጥ ስልኬን አስገብቼ በሩን ዝጉልኝ ስላቸው የልጁ እህት ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። ሦስት ኮከብ አየሁ፣ ሁለቱ አንድ እጥፋት ላይ። ገመዱን ስፈታው ስፒና እንዳለው ነው፣ እጄ ላይ ተፈረፈረ፣ ከስሩ መዳቡ አፍጥጦ ወጣ። ሌንሱ ንጹህ ነው፣ የመክፈቻው ቀለበት ግን ደርቋል፣ ቀጭ ቀጭ አይልም፣ በግድ ነው የሚዞረው።

ይሄን ሁሉ አንድ በአንድ አሳየኋቸው። መያዣው የለም፣ ገመዱ ሞቷል፣ ሽንሽኑ ተበስቷል። 25 ወደ 20 ወረደ፣ ከ20 ወደ 18። እዚያ ላይ ቆመ። ሄድኩ። ኮብልስቶኑ ላይ ሃያ እርምጃ ያህል ስራመድ ደላላው እየሮጠ መጣ። በ16 ሺህ 500 ተስማማን። ሁለት የኦርዎ የፎቶ ወረቀት ሳጥንም በላዩ መረቁልኝ፣ ዕድሜውን እግዜር ይወቅ።

እስከ አፍንጮ በር በሚኒባስ አልሞከርኩም። ራይድ ጠርቼ ጭንቅላቱን እቅፌ አድርጌ መጣሁ፣ ሹፌሩ "የጥርስ ሐኪም ነህ?" አለኝ።

ሃይፖ
ቅዳሜ ማታ 2፡30

እንኳን ደስ አለህ። መያዣው አያሳስብህ። ወፍራም ጥቁር ካርቶን ውሰድ፣ በ6 በ6ቱ መያዣ ልክ ሁለት ቁራጭ ቁረጥ፣ መሃላቸውን 24 በ36 ሚሊ ሜትር ክፈት፣ በምላጭ፣ ጠርዙ ጭረት እንዳይኖረው። ፊልሙን መሃል አስገብተህ ዝጋው። ለሦስት ወር ያገለግልሃል። ከዚያ ቶርኖ ቤት ወስደህ በአሉሚኒየም አሰራው፣ ካርቶኑን ናሙና አድርገህ ስጣቸው።

ወረቀቱን ደግሞ ሳትፈትን ፎቶ አታትምበት። ቀይ መብራት ብቻ አብርተህ አንድ ወረቀት ለሁለት ቁረጥ። አንዱን ቁራጭ ቀጥታ ሃይፖ፣ ፎቶውን የሚያጸናው ኬሚካል፣ ውስጥ ክተት። ሌላውን ዴቬሎፐር ውስጥ ሁለት ደቂቃ አቆይተህ ከዚያ ሃይፖ ውስጥ። አጥበህ ጎን ለጎን አድርጋቸው። ሁለቱም እኩል ነጭ ከሆኑ ዕድለኛ ነህ። ሁለተኛው ግራጫ ከሆነ ወረቀቱ አርጅቷል።

እጅህን ኬሚካል ውስጥ አትንከር፣ በመቆንጠጫ ስራ። እኛ በጣታችን ነበር የምንሰራው። በዴቬሎፐሩ ውስጥ ሜቶል የሚባል ነገር አለ፣ ቆዳ የሚያስቆጣው ሰው አለ። የኔ ሁለቱ ጣቶች እስከ አሁን ክረምት ሲገባ ይላጣሉ።

አፍንጮ_በር
ረቡዕ ማታ 4፡15

ወረቀቱን ፈተንኩ። አንደኛው ሳጥን ግራጫ፣ የዝናብ ቀን ሰማይ። ሁለተኛው ዴቬሎፐር ውስጥ ሲገባ በአስር ሴኮንድ ጥቁር ሆነ፣ አንድ ሰው በፀሐይ ከፍቶ አይቶታል ማለት ነው።

ቀይ_አምፖል
ረቡዕ ማታ 4፡30

አክስቴ ትሆናለች። ከውጭ 100 ፍሬ ወረቀት ይዛልኝ መጥታ፣ "ውስጡ ምን እንደሆነ ሳላይ እንዴት እሸከማለሁ" ብላ ጥቁሩን ላስቲክ ከፍታ አንድ በአንድ ቆጥራው ነበር። "አንድም አልጎደለም" አለችኝ በኩራት። ምን ልበላት!

ከኔ 25 ፍሬ 18 በ24 ልስጥህ፣ ስታስመጣ ትመልስልኛለህ። አርሲ ነው፣ ፕላስቲክ የተቀባው። ለጀማሪ እሱ ይሻላል፣ እንዳንተ ውሃ በፈረቃ ለሚመጣለት ሰው ደግሞ የግድ ነው። አርሲ ሁለት ደቂቃ ይታጠባል። ፋይበር ወረቀት አንድ ሰዓት ውሃ ይፈልጋል፣ ሮቶአችሁን ጨርሰህ ከግቢው ያባርሩሃል። ባለብዙ ግሬድ ስለሆነም አንድ ዓይነት ወረቀት ይበቃሃል፣ ከ00 እስከ 5 ያሉትን ፊልተሮች እየቀያየርክ ደብዛዛውንም ጠንካራውንም ታወጣለህ። በ2 ጀምር። 4 እና 5 ላይ ስትደርስ ጊዜውን እጥፍ አድርገው።

ቅዳሜ ስድስት ኪሎ ነኝ፣ ና ውሰድ። የ50 ሌንስም ትርፍ አለኝ፣ የሩሲያ ኢንዱስታር። ጥርሱ 39 ሚሊ ሜትር ነው፣ ያንተን ቀዳዳ በማስመሪያ ለካና ንገረኝ።

አፍንጮ_በር
ረቡዕ ማታ 4፡41

ለካሁት፣ 39! እህቴ፣ ቡናም ምሳም በኔ ነው።

አፍንጮ_በር
እሁድ ማታ 5፡20

የመጀመሪያዋ ቀን ሪፖርት። ተኝታችሁ ከሆነ ነገ አንብቡት።

ሻወር ቤቱን ከማታ 2 ሰዓት በኋላ አከራዬ እማማ ፈቀዱልኝ። መስኮቱን በጥቁር ላስቲክ፣ የበሩን ስር በጋቢ ደፈንኩ። ኢንላርጀሩ መቀመጫው ላይ ባስቀመጥኩት ኮምፔንሳቶ ላይ ቆሟል፣ ትሪዎቹ ወለሉ ላይ፣ እኔ በርጩማ ላይ። ስልኬን ግልብጥ አድርጌ ከበሩ ውጭ ተውኩት፣ ሴኮንዱን በአፌ ነው የምቆጥረው። ዴቬሎፐሩ ስለቀዘቀዘ ትሪውን ሙቅ ውሃ ያለበት ሳፋ ውስጥ አስቀምጬ 20 ዲግሪ አደረስኩት።

የመጀመሪያው ፎቶ የጊዮርጊስ አደባባይ ነው፣ ምኒልክ ፈረሱ ላይ። ወረቀቱን ዴቬሎፐር ውስጥ አስገባሁ። ምንም። አስራ አምስት ቆጠርኩ፣ ምንም። ከዚያ የፈረሱ ሆድ ስር ያለው ጥላ መጣ፣ ከዚያ እግሩ፣ ከዚያ... ብቻ ምን ልበላችሁ፣ "እማማ!" ብዬ ጮህኩ፣ እማማ ደግሞ የወደቅኩ መስሏቸው በሩን ሊከፍቱ ሲሉ "አይክፈቱ! አይክፈቱ!" እያልኩ በእግሬ ያዝኩት።

ችግር ግን አለ። ሁለት ችግር። አንደኛ፣ መሃሉ ደህና ሆኖ አራቱም ጥግ ነጣ ብሏል። ሁለተኛው ገርሞኛል። በአንድ ቁመት፣ በአንድ ሌንስ ቀዳዳ፣ በ14 ሴኮንድ ያተምኳቸው አራት ፎቶዎች ሁለቱ ደህና ናቸው፣ ሁለቱ ፈዘዋል። ቆጠራዬ ያን ያህል አይሳሳትም።

ሃይፖ
ሰኞ ጠዋት 1፡30

ኮንደንሰሮቹን አጥበሃቸዋል?

አፍንጮ_በር
ሰኞ ጠዋት 2፡15

አዎ ጋሼ፣ በሳሙናና በለስላሳ ጨርቅ። እንዴት አወቁ?

ሃይፖ
ሰኞ ጠዋት 2፡22

አንዱን ገልብጠህ መልሰኸዋል። የሁለቱ ሆድ ፊት ለፊት መተያየት አለበት፣ ጠፍጣፋው አንዱ ወደ አምፖሉ፣ አንዱ ወደ ኔጋቲቩ። ሁሉም ጀማሪ ያጥብና ይገለብጣል። እኔም ገልብጬ አለቃዬ በጥፊ ብሎኛል።

ስፒና
ሰኞ ቀን 5፡40

ሁለተኛው ደግሞ የኔ ዘርፍ ነው። እሁድ ማታ ነው ያተምከው። አከራይህ ስንት ሰዓት ላይ ነው እንጀራ የሚጋግሩት?

አፍንጮ_በር
ሰኞ ቀን 5፡52

ኧረ ባክህ። ምጣዱ?

ስፒና
ሰኞ ቀን 6፡10

ምጣዱ ነዋ። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 ኪሎ ዋት በላይ ይስባል። አንድ ቆጣሪ ላይ ከሆናችሁ፣ ሽቦውም ቀጭን ከሆነ፣ ምጣዱ በተሰካ ቁጥር ያንተ ሶኬት ላይ ያለው ቮልቴጅ ዝቅ ይላል። የክር አምፖል ደግሞ እንደምታስበው አይደለም፣ ቮልቴጁ በ10 ከመቶ ሲወርድ ብርሃኑ በ10 ከመቶ አይወርድም፣ ወደ 30 ከመቶ ነው የሚወርደው። ብርሃኑ ቢጫ ሲል ዓይንህ ይለምደዋል፣ ወረቀቱ ግን አይለምድም።

ቀይ_አምፖል
ሰኞ ቀን 6፡25

ይባስ ብሎ ወረቀቱ የሚያየው ሰማያዊና አረንጓዴውን ነው። አምፖሉ ሲደክም ወደ ቀይ ስለሚሄድ ወረቀቱ ከዓይንህ የበለጠ ያጣል። የኔን ሦስት ዓመት የፈዘዘ ፎቶ አሁን ነው የገባኝ። እኔ ዴቬሎፐሩ ሞተ እያልኩ ስደፋ!

ካሜራ_ተራ
ሰኞ ቀን 7፡00

የፍሪጅ ስታብላይዘር ግዛለት።

ስፒና
ሰኞ ቀን 7፡20

ተጠንቀቅ፣ ርካሹ ስታብላይዘር በደረጃ ነው የሚዘለው፣ "ቀጭ" የሚለው ድምፅ እሱ ነው። 14 ሴኮንድ መሃል ቀጭ ካለ ብርሃኑ መሃል ላይ ተቀየረ ማለት ነው። ብር ሳያወጣ መጀመሪያ እማማን ይጠይቃቸው።

አፍንጮ_በር
ሐሙስ ማታ 5፡05

ጠየቅኳቸው። እማማ እሁድና ረቡዕ ከ1 እስከ 3 ሰዓት ነው የሚጋግሩት። ስለዚህ ስራዬ ሐሙስ ሆነ፣ ውሃም ሐሙስ ይመጣል። ኮንደንሰሩን እንደተባልኩት መለስኩት፣ ጥግ ጥጉ ጥርት አለ። የኢንዱስታሩን ቀዳዳ ኤፍ 8 ላይ አድርጌ፣ ጣውላውንና ጭንቅላቱን በውሃ ልክ አስተካክዬ፣ አምስት አተምኩ። አምስቱም አንድ ናቸው። አንዱን ለእማማ ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው ዓይተው ዓይተው "ከለሩ የት ሄደ?" አሉኝ።

መሃል ላይ መብራት ጠፋ አንዴ። ወረቀቱ ዴቬሎፐር ውስጥ ነበር፣ ጨለማ ውስጥ ቆጥሬ በእጄ ዳብሼ አቼቶው ውስጥ ከተትኩት። እንዲያውም ከሁሉ እሱ ነው ያማረው።

ያገለገለውን ሃይፖ ምን ላድርገው? ጀሪካን ውስጥ ነው ያለው፣ ሽንት ቤት መድፋት ፈርቻለሁ።

ሃይፖ
ዓርብ ጠዋት 2፡00

አትድፋው፣ ብር አለበት። የብር ኖት አይደለም፣ ብረቱ ብር። ዕቃ ማጠቢያውን የብረት ሽቦ፣ ሳሙና የሌለውን፣ ጀሪካኑ ውስጥ ክተትና ቀናት አቆየው። ብሩ ከውሃው ወጥቶ ከሽቦው ጋር ይቀራል፣ ታች ጥቁር ዝቃጭ ሆኖ ታገኘዋለህ። ትንሽ ስለሆነ ሀብታም አትሆንም።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ወረቀት ውድ ስለሆነ። ሁሉንም ኔጋቲቭ አታሳድግ። ፊልሙን ቆራርጠህ ወረቀቱ ላይ ደርድረው፣ በላዩ ንጹህ መስታወት ጫን፣ ኢንላርጀሩን ለጥቂት ሴኮንድ አብራ። ሰላሳ ያህሉ በፊልሙ ልክ አንድ ወረቀት ላይ ይወጣልሃል። የድሮዎቹ፣ እነ ቤድሮስ ቦያጂያን በምኒልክ ቤተ መንግሥት ሲሰሩ፣ ኔጋቲቩ ራሱ ትልቅ መስታወት ስለነበር በአብዛኛው እንዲህ ነበር የሚታተመው፣ መስታወቱን ወረቀቱ ላይ ደርቦ። ከዚያ በአጉሊ መነጽር እያየህ የሚገባውን ብቻ አሳድግ።

አፍንጮ_በር
ዓርብ ቀን 6፡30

ጋሼ አንድ ቀን ወደዚህ ሻወር ቤት ብቅ ይበሉልኝ። በርጩማው የእርስዎ ነው።

አሁን 11 ወረቀት ቀርቶኛል። ከውጭ የሚመጣ ሰው ያለው አለ?

ቀይ_አምፖል
ዓርብ ቀን 7፡10

ለገና የሚመጣ ሰው አለኝ፣ ሁለት ኪሎ ቦታ ሰጥቶኛል። 100 ፍሬው 18 በ24 አርሲ አንድ ኪሎ ገደማ ነው። አንዱ የኔ፣ አንዱ ያንተ። ከዚያው ላይ 25ቱን ትመልስልኛለህ።

አፍንጮ_በር
ዓርብ ቀን 7፡14

ተስማምቻለሁ። ሰውየው ጥቁሩን ላስቲክ እንዳይከፍት ብቻ ንገሪው።

ቀይ_አምፖል
ዓርብ ቀን 7፡16

ሰውየው የአክስቴ ባል ነው። እሷም አብራው ነው የምትመጣው።